ጠርሙሱ ባዶ ነው

ደምሴ ስልክ ሊደውል ጉብታው ላይ ወጥቶ ነበር። እኛ ሰፈር ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው፤ በግ የሸጠም ልጅ የተወለደለትም እዚያ ወጥቶ ነው የሚያወራው። ሲወርድ አረማመዱን አይቼ ነገር እንዳለ ገባኝ። ባሌን አውቀዋለሁ፤ ደህና ወሬ ሲይዝ ከሩቅ ይጣራል፣ ክፉ ሲይዝ ግን በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያራግፋል። ያን ቀን ጭቃ ሳይኖር ጫማውን ሲያራግፍ ቆየ። በመጨረሻ፣ ትርንጎ አረፈች አለኝ፤ ደብረ ብርሃን፣ ታማ አልጋ ይዛ ሰንብታ።

ሰው እንዲህ ሲባል እግዚኦ ይላል፣ ደረቱን ይመታል። ከእኔ አፍ የወጣው ሌላ ነው። "አልጋ ይዛ? ትርንጎ?" አልኩት። ከመሞቷ ይልቅ መተኛቷን ነው ማመን ያቃተኝ።

ለማታውቋት ልንገራችሁ፤ ያቺ ሴት አትቀመጥም ነበር። ምሳዋን ሳህኑን ይዛ ግቢውን እየዞረች ነው የምትበላው። ሰው ቤት ስትገባ በርጩማ ሲቀርብላት "ተዉት፣ አሁን ልሄድ ነው" ትልና ቆማ ስታወራ ትውላለች። አማቴ እማማ አሰገደች "ይቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" ይሉ ነበር። ስታስብ ሁለት መዳፎቿን ታፋትጋለች። ከላይ የወንድ ካፖርት፣ ከሥሩ ሁለት ሹራብ፣ እግሯ ላይ የጎማ ጫማ፤ በጋም ክረምትም ያው ነው። እዚህ መንዝ፣ ቀየት ከተማ፣ ሳይንስ ልታስተምር ተመድባ መጥታ የእማማ አሰገደችን የጓሮ ክፍል ተከራይታ ነበር። ተማሪዎቿ ከግድግዳ ግድግዳ በዓይናቸው ሲከተሏት አንገታቸውን ያማቸው ነበር ይባላል።

እኔ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ፤ ዓለም ከተማ ነው ያደግሁት። ቆላ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ሰው በነጠላ የሚያድርበት አገር ነው። ደምሴ በግ ይዞ ገበያ ሲወርድ ተያየን፣ ሽማግሌ ላከ፣ አባቴም እሺ አሉ። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ያኔ ከነጋዴ እጅ የናይለን ልብስ እንደ ልብ መገኘት ጀምሮ ስለነበር እናቴ ከጥሎሽ ዕቃዬ ጋር አንዲት የሮዝ ናይለን የውስጥ ቀሚስ ጨመረችልኝ። ሰው ቤት ስትገቢ ደህና ነገር ይኑርሽ ብላ። ያቺ ቀሚስ ምን ልታመጣብኝ እንደሆነ እናቴ በምን ታውቃለች!

የመንዝን ብርድ አልነግራችሁም። ኅዳር ሲገባ ከጓሳ ተራራ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ እንጨት ያደርቃል፣ ጠዋት ውርጩ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። አማቴ ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና አለበሱን። እና አንድ ማታ፣ ኩራዙን አጥፍቼ ባናው ውስጥ ስገባ፣ ከሰውነቴ ላይ ጣ ጣ ጣ የሚል ድምፅ ተነሣ። ሰማያዊ ብልጭታ ከደረቴ እስከ ጉልበቴ ወረደ። ደምሴ ምን ሆንሽ ብሎ እጁን ሲዘረጋ ከጣቱ ወደ ጆሮዬ እሳት ዘለለ። ከአልጋው እንዴት እንደወረደ እስከ ዛሬ አያስታውስም፤ እኔ ግን አስታውሳለሁ፣ አንዳንዴም እነግረዋለሁ።

ቀየት ያኔ መብራት አልገባላትም። እኔ ግን ገብቶልኝ ነበር! ዛሬ ስለሳቅኩ ነው እንጂ ያኔስ ሳቅ የለም።

ደምሴ ለእናቱ ብቻ ነገራቸው። ለእናት ብቻ መንገር ምን ማለት እንደሆነ ያገባች ሴት ታውቀዋለች። እማማ አሰገደች አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። ፊታቸው አመድ መሰለና ወደ መምሬ ኃይሌ ሄዱ። ጋኔን ነው ተባለ። ጠበል ወሰዱኝ፤ በዚያ ውርጭ! ልክ በዚያው ሰሞን ሰማዩ ከብዶ ካፊያ ጣለ፣ ብልጭታውም ጠፋ። ወጣላት ተብሎ እልል ተባለ። ሰማዩ ሲጠራ ግን እሳቱ ተመለሰ፤ እንዲያውም ባሰበት። መምሬ ኃይሌ ራሳቸው ግራ ገብቷቸው ነበር። መንፈስ ቢሆን ይለፈልፋል፣ ስሙን ይናገራል፤ ይቺ ልጅ ግን በረደኝ ከማለት በቀር ያለችው የለም ይሉ ነበር።

በመጨረሻ ለእሑድ ሽማግሌ ተቀጠረ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ወደ አባቴ ቤት ልመለስ ነው። ጋኔን አለባት ተብላ የተመለሰችን ሴት ማን ያገባታል? እኔስ ልቅር፤ ከእኔ በታች ያሉት እህቶቼስ? ደግሞ ደምሴን እወደው ነበር። እሱም ይወደኛል፤ ግን እናቱ ፊት አፉ ይታሰራል። ይህን ሁሉ ይዤ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጬ ሳለቅስ ነው ትርንጎ መፋቂያዋን አፏ ውስጥ ወትፋ የመጣችው።

ነገርኳት። በዚያ ሰሞን ታሪኬን የሰማ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይል ነበር። እሷ ወደ ፊት መጣች። ዓይኗ በራ፣ መፋቂያዋን ጣለችው። "አትንገሪኝ፣ አሳዪኝ" አለች። ይህ አነጋገሯ ነው፤ ለተማሪም፣ ለጎረቤትም፣ በግ ታመመብኝ ላላትም ሰው ያው ነው።

ክፍሏ ወሰደችኝ፣ መስኮቱን በካፖርቷ ጋረደችው፣ ያቺኑ የናይለን ቀሚሴን አስለብሳ ባናዋን አስደረበችኝ። ባናውን ስትገፈው ጣ ጣ አለ፣ ብልጭ አለ። ትርንጎ ሳቀች። እንደ ልጅ ከት ከት ብላ ሳቀች። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ። እስከዚያ ድረስ አንቱ ነበር የምላት፤ መምህርት ናት፣ ታላቄም ናት። ያን ጊዜ ግን፣ "እኔ ከትዳሬ ልባረር ነው፣ አንቺ ትስቂያለሽ!" አልኳት። ሳቋን ቀጥ አደረገች። ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ እንዲሁ አንቺ እያልሽኝ ቅሪ አለች። ቀረሁ።

ከዚያ እየተንጎራደደች አስረዳችኝ። ናይለንና የበግ ጠጉር ሲፋተጉ አንዱ ከሌላው ላይ የማይታይ ነገር ይወስዳል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ያ ነገር ቀስ ብሎ በእርጥበቱ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው በካፊያው ሰሞን የጠፋው። ሲደርቅ ግን መሄጃ አጥቶ ይጠራቀማል፤ ሰው ሲነካው ይዘላል። ኮረንቲ ማለት ይኸው ነው አለችኝ። እንግዲያው ሂጂና ንገሪያቸው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። የማላገባ፣ የማልቀመጥ፣ በወንድ ካፖርት የምዞር ሴት ነግሬያቸው ማን ይሰማኛል? ብነግራቸው ይረሱታል፤ በገዛ እጃቸው ከተሰማቸው ግን አይረሱትም አለች።

በዚያው ቀን ሥራ ጀመርን። ትርንጎ የልብስ ማጠቢያ የፕላስቲክ ሳፋዋን ደፋችው። ሻይ የምታቀርብበትን የብረት ትሪ አነሣች፣ መሐሉ ላይ ብርጭቆ በሻማ ሰም አጣበቀችና እጀታ አደረገችው። ሳፋውን በባና ስንፈትግ፣ ትሪውን ስናስቀምጥበት፣ በጣት ነካ አድርገን በብርጭቆው ስናነሣው፣ ትሪው ጣት ላይ ብልጭታ ይተፋል። እሱ ትንሹ ነው። ትልቁ ጠርሙሱ ነው። ከየሱቁና ከየጠጅ ቤቱ ደጃፍ የሲጋራ ፓኮ እየለቀመች ብርማውን ወረቀት ላጠች፤ የከተማው ሰው መምህርቷ ለየላት አለ። ወረቀቱን በአንድ አፈ ሰፊ የማር ጠርሙስ ውስጥም ውጭም ለጠፈችው፣ ክዳኑን በሚስማር በሳችው፣ ከሚስማሩ ጫፍ ሽቦ አንጠለጠለች። ትሪው ያነሣውን ሁሉ በሚስማሩ በኩል ለጠርሙሱ እናቀብለዋለን፤ ጠርሙሱ ያጠራቅማል።

መጀመሪያ የሞከርነው ቀን፣ እንደኔ እንደኔ ምንም የለም ብላ ጠርሙሱን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው ሚስማሩን ነካችው። ጧ! አለ። ትርንጎ በሩ ድረስ ሄዳ ተላተመች። ክንዷ ደንዝዞ ተንጠለጠለ። ሞተች ብዬ ልጮህ ስል ቀና ብላ ክፍሉን አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች። "እስቲ ደግሞ" አለች። ያማታል እንዴ ይቺ ሴትዮ አልኩ በልቤ።

ጭንቋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሑድ ጠርሙሱን የሚነኩት እነሱ ናቸው። መምሬ ኃይሌ ልባቸው እንዴት ነው? እማማስ? ያ ዱላ ይዞ የሚሄደው ሽማግሌስ? ጠርሙሱ ካነሰው ምንም አይሰማቸውም፣ ይስቁብናል፣ አንቺ ትመለሻለሽ። ከበዛበት አንዱ ክልትው ይልና ሁለታችንም አለቀልን። እያለች ግቢውን ትዞራለች። ራሷ ላይ ትሞክራለች፣ ትቀንሳለች፣ ደግሞ ትጨምራለች፣ ክንዷን እያሻሸች ትወጣለች፣ ትገባለች። እኔም እንቅልፍ የለኝ፣ እሷም የላት። አማቴ ከምድጃው ዳር ሆነው በዝምታ ያዩናል። አንድም ቀን ምን እየሠራችሁ ነው አላሉም። ያኔ ንቀት መስሎኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ብነሣ ጓሳ ላይ ደመና ተኝቷል። ትርንጎ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ካፖርቷን እንደለበሰች ግቢው መሐል ቆማ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ካፊያ ቢጥል ሳፋውም፣ ትሪውም፣ እኔም ዋጋ የለንም። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ነፋሱ ደመናውን ገፋው። ትርንጎ ሳፋውን ፀሐይ ላይ አውጥታ እየፈተገች "ደረቀ፣ ደረቀ" ትላለች።

ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። የኔ ነገር ሊነሣ ሲል ትርንጎ መሐላቸው ገብታ ቆመች። ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምን አለች፤ ሙሉ ትውጣና አጥሩ በር ላይ ትቁም፣ እናንተ ደግሞ ተነሥታችሁ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ሙሉ እኔ ነኝ። እንደ በሽተኛ በግ ለይታ በሩ ላይ ስታቆመኝ እንባዬ መጣ፤ ከእነሱ ራቅ እንድል የፈለገችበት ምክንያት የገባኝ ኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። መምሬ ኃይሌ ግን የልጅ ነገር የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ቀድመው ተነሡ። እሳቸው በአንድ ጫፍ፣ ትርንጎ ጠርሙሱን ይዛ በሌላው ጫፍ፣ መሐል ላይ ሽማግሌዎቹ፣ ደምሴና እማማ አሰገደች። ልብ አድርጋችሁ ያዙ፣ አትልቀቁ አለች ትርንጎ። ከዚያ መምሬን ሚስማሩን በጣትዎ ይንኩ አለቻቸው።

ጧ! ሁሉም አንድ ላይ ዘለሉ። ዱላ ወደቀ፣ ጥምጥም ተንሸራተተ፣ ደምሴ "ወይኔ እናቴ" አለ። ማንም አልሞተም። እጃቸውን እያዩ ቆሙ፤ እማማ አሰገደች ብቻ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ ማንም እኔን አልነካም፣ እኔም ማንንም አልነካሁም።

እሰይ፣ ነገሩ አለቀ ስል አንደኛው ሽማግሌ ጠርሙሱን በጣቱ እየጠቆመ ጮኸ። ከልጅቷ አውጥታ እዚያ ውስጥ አስገብታዋለች! ሌላው ተቀበለው። ለካ ይህን ሁሉ ቀን የሲጋራ ወረቀት ስትለቅም የነበረችው ለዚህ ነው፣ ይኸው ታሰረ! ገደል እንወርውረው የሚል መጣ፣ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር እንቅበረው የሚል መጣ። እና ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። ነጻ ወጣሽ አሉኝ። ደምሴ ወደ እኔ መራመድ ጀመረ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይሁን አልኩ በልቤ። ጋኔኑ ጠርሙስ ውስጥ ይሁን፣ ገደልም ይግባ፣ እኔ ብቻ ቤቴ ልግባ። ትርንጎን አየኋት፤ በዓይኔ ዝም በይ፣ በማርያም ዝም በይ አልኳት። አይታኛለች። መዳፎቿን አፋተገች። አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች።

"ጠርሙሱ ባዶ ነው" አለች።

ክዳኑን ከፍታ እጇን እስከ አንጓዋ ከተተችው፣ አውጥታም አሳየቻቸው። በዚያች ሰዓት ጠላኋት። እሷ ግን ቀጠለች። ዛሬ ጋኔን አስሬያለሁ ብላችሁ ብትሄዱ፣ የሚመጣው ኅዳር ውርጭ ሲወርድ ባናው እንደገና ይበራል። ያኔ ይቺን ልጅ፣ ካልሆነም ሌላ ልጅ ታባርራላችሁ። ይህ ነገር ከሁላችንም ቤት ያለ ነገር ነው አለች። የደምሴ እግር መንገድ ላይ ቆመ።

ዱላውን ያነሣው ሽማግሌ፣ "ከሁላችንም ቤት ካለ ታዲያ በእሷ ላይ ብቻ ለምን ታየ?" አለ።

ትርንጎ ለመመለስ አፏን ከፈተች። መልሱን አውቃለሁ፣ ናይለኑ ነው፤ ደጋግማ ነግራኛለች። ግን አልተናገረችም። አማቴን አየቻቸው። ኋላ እንደነገረችኝ፣ መምሬ ሚስማሩን ከመንካታቸው በፊት ዓይናቸውን የጨፈኑት እማማ አሰገደች ብቻ ነበሩ። የሚመጣውን የማያውቅ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ዓይኑን አይጨፍንም። ትርንጎ ጠርሙሱን አስቀመጠችና መሬት ላይ፣ እማማ አሰገደች ፊት፣ ቁጭ አለች። ካፖርቷን ሰብስባ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ተቀምጣ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ጊዜው ረዘመብኝ። ሽማግሌዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ከዚያ እማማ አሰገደች ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ፣ ሣጥን ሲከፈት ሰማን፣ አረንጓዴ የናይለን ሻሽ ይዘው ወጡ። በላያቸው ባለው ባና አንዴ ሁለቴ ፈተጉት። ሻሹ ጣ ጣ አለ፤ ወደ መሬት ሲያስጠጉት ገለባው እየዘለለ ተለጠፈበት። የራሳቸውም ጠጉር ቆመ።

"ይኼን ሻሽ ደምሴ ነው ያመጣልኝ፤ ይቺ ልጅ ከመምጣቷ በፊት ነው" አሉ። "ማታ ስፈታው እሳት ሲያነሣ አይቼ ሣጥን ግርጌ ቀበርኩት። ያለብኝ እኔ ነኝ ብዬ ፈርቼ ነው የኖርኩት። ከእኔ ወደ እሷ የዞረ መስሎኝ ከቤቴ ላርቃት ፈለግሁ። ሙሉን የምትመልሱ ከሆነ እኔንም መልሱኝ። አባቴ ቤት ግን አሁን ማንም የለም።"

መምሬ ኃይሌ እስቲ ያምጡት ብለው ሻሹን ተቀበሉ፣ ባና ላይ ፈተጉ፣ ጆሯቸው ጋ አስጠጉት፣ ሲያዳምጡ ቆዩ። ከዚያ ባርከው መለሱላቸው። በሉ እንሂድ፣ የሰው ቤት አንፍታ አሏቸው ለሽማግሌዎቹ። ደምሴ መጥቶ እጄን ያዘኝ። ብልጭታው ትንሽ ቆነጠጠን፣ እሱ ግን አልለቀቀኝም።

ትርንጎ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። የት አባቷ! በማግስቱ ሳመሰግናት ግቢውን እየዞረች እኔ ምን አደረግሁልሽ አለችኝ። እኔ እኮ ተናግሬ ልታባረሪ ነበር፣ ያዳኑሽ እማማ ናቸው። ከዚያ ቆም አለችና፣ "እማማ ባይነሡስ ኖሮ?" አለች። ምስጢራቸውን በሰው ፊት እዘረግፈው ነበር? ወይስ አንቺን እያየሁ እሸኝሽ ነበር? አላውቅም አለች።

ይቺ ጥያቄ አልለቀቀቻትም። ከቀየት ተዛውራ ሄደች፣ ሌላ ከተማ ሄደች፣ ደግሞ ሌላ፤ አንድ ቦታ አትረጋም። በመጣች ቁጥር፣ ልጆቼን ስማ፣ ቆማ ቡናዋን ጠጥታ፣ ጉዞ ስትጀምር በሩ ላይ ዞራ ያቺኑ ትጠይቀኛለች። "ሙሉ፣ እማማ ባይነሡስ?" እኔም ተነሥተዋል እኮ፣ ተዪው እላታለሁ። አትተውም። አማቴን ግን አንድም ቀን አልጠየቀቻቸውም፤ ታፍራለች። እኔም ነገር ላለመቀስቀስ ብዬ አላነሣሁባቸውም።

ለቅሶው ደብረ ብርሃን ነበር። እማማ አሰገደች አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ አይሄዱም ብለን ነበር። ጠዋት አረንጓዴውን ሻሽ አሥረው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው አገኘናቸው። አውቶቡስ ውስጥ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። አላስችል ቢለኝ ነገርኳቸው፤ ትርንጎ እስክትሞት ድረስ በዚያች ነገር ስትብሰለሰል እንደኖረች፣ እማማ ባይነሡስ ኖሮ ስትል።

ሻሻቸውን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ተቆጥተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን ማለቷ ነው? ቆማ ምግቧን የምትበላ ልጅ ለእኔ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እንዴት አልነሣም?" አሉኝ።